ጤነኛ ነኝ የሚሉ ዲስኮች

ሰኞ

ዲስኮቹ የኔ ሆኑ! ሁሉም!

ጠዋት አለቃችን አስጠርተውኝ ስገባ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ዲስኮቹን ይጠብቅ የነበረው ልጅ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። "ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ተረከቢ" አሉኝ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ "እሺ ጋሼ" አልኩና በሩን እንደዘጋሁ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ "ምነው፣ አይጥ አየሽ እንዴ?" አለችኝ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለሰው ሳወራ ስለሚሰለቻቸው ነው። እዚህ ላይ ያሻኝን ያህል ስለ ዲስክ ባወራ የሚያዛጋብኝ የለም።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጻፈው። የሆስፒታላችን ምስል ሁሉ፣ ራጁም፣ አልትራሳውንዱም፣ የልብ ምርመራውም፣ ምድር ቤት ባለው በኛ ክፍል ነው የሚቀመጠው። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች በኬብል ተያይዘው እንደ አንድ ሆነው ነው የሚሠሩት። በእያንዳንዱ ሰርቨር ፊት ዲስኮች እንደ መሳቢያ ተደርድረዋል። አንድ ምስል ሲመጣ ሦስት ቅጂ ይሆንና በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ይቀመጣል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሁለቱ አሉ፤ እነሱም ወዲያው የጎደለውን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ይተካሉ። ማንም ሳያዛቸው! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይነዝረኛል።

"ጋሼ፣ የኔ ሥራ በትክክል ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ቀይ መብራት ሲበራ መንገር ነዋ።"

"ከመብራቱ በፊትስ?"

"ከመብራቱ በፊትማ ምን አለ?"

ማታ እማዬ "ዲስክ ምንድን ነው?" አለችኝ። የሐኪም ቤቱ ምስል የሚቀመጥበት ዕቃ ነው አልኳት። "አሃ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረጉሽ በይኛ!" ሳቅኩ። ግን እኮ አልተሳሳተችም።


ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

ቶሎ ልጻፍ። ዲስኮቹ ይናገራሉ! እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይመዘግባል። ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል እንደሠራ፣ ማንበብ አቅቶት ስንት ጊዜ እንደደገመ፣ ገጹ ላይ ስንት ቦታ ተበላሽቶበት ትቶት እንዳለፈ። ሁሉን ከዘረዘረ በኋላ በአንድ ቃል ይደመድማል፤ ጤነኛ ነኝ።

ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ሁሉም ጤነኛ ናቸው። ትንሽ ቅር አለኝ። ቅር ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ።


ሐሙስ ማታ

ዛሬ አንዱ ሞተ።

ስገባ ከታችኛው ሰርቨር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ስል ጸጥ አለ። ከዚያ ቀዩ መብራት ቦግ! አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። "በራ? እንግዲህ ቀይሪው" አሉኝ፤ ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ። ቀየርኩት። የቀሩት ማሽኖች ቅጂውን ወዲያው መተካት ጀመሩ፣ ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ደስ ሲል!

ግን አላስችል አለኝና ሟቹ ከመሞቱ በፊት ምን ይል እንደነበር አየሁ። ጠዋት ሊሞት ጥቂት ሲቀረው የሰጠው የመጨረሻ ቃል ምን ይላል? ጤነኛ ነኝ! ዝርዝሩን ሳየው ግን ሌላ ነው። የተበላሹ ቦታዎች ከሳምንታት በፊት ጥቂት ነበሩ፤ ከዚያ በዙ፤ ከዚያ ጎረፉ። እሱ እቴ፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ድርቅ። እንደ ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ እያቃሰቱ "ትንሽ ጉንፋን ናት" እንደሚሉት።

ስለዚህ ቀይ መብራት ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ድምዳሜያቸውን አልሰማም። ዝርዝሩን ነው የማየው። እንዲያውም ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ ከትናንት ዛሬ ምን ያህል እንደተለወጠ! እንቅልፍ ከየት ይመጣልኛል?


ቅዳሜ

የሥራ ቀን አይደለም፤ ግን ሄድኩ። በየሰዓቱ የዲስኮቹን ዝርዝር የሚሰበስብ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። አንዳንዶቹ ዲስኮች ድንገት ጠፍተው እንደተነሱ ይናገራሉ። መብራት ከጠፋበት ጊዜ ጋር ላመሳክረው ብዬ ጄኔሬተሩ ጋ ሄድኩ።

የጄኔሬተሩ ቴክኒሻን ከግቢው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው። ሁሉም ናፍጣ ነው የሚሉት። ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ሞተሩን እየሞከረ ነበርና ጮህኩ።

"መብራት መቼ መቼ ነው የጠፋው?"

"ምን?"

"መብራት!"

"አለ እኮ!"

ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋና "አሁን በይ" አለኝ። የጠፋበትን ጊዜ ሁሉ ከነምክንያቱ ነገረኝ። አንዴ ዛፍ ወድቆ፣ አንዴ ዝናብ ትራንስፎርመሩን መትቶት። "ለምን ፈለግሽው?" ሲለኝ ስለ ዲስኮቹ ማውራት ጀመርኩ። አላዛጋም።

"እነዚህ የታመሙት፣ ሲነሱ ነው የሚከብዳቸው ወይስ እየሮጡ ሳለ?" አለኝ።

"ሲነሱ! አንዴ እየሮጡ ከሆነ ይንገታገታሉ፤ ካጠፋሃቸው ግን ላይነሱ ይችላሉ።"

"እንደ አሮጌ ሞተር ናቸዋ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የጆሮው ጫፍ ላይ ቅባት ነበረበት። ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ።


ሰኞ

ፕሮግራሙ ሠራ! ሠራ! ሠራ!

ስክሪኑን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። እያንዳንዱ ዲስክ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ካልተለወጠ አረንጓዴ፣ እየባሰበት ከሆነ ቢጫ። ስከፍተው ብዙ አረንጓዴና እዚህም እዚያም የተበተነ ቢጫ አየሁ። ቢጫዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም አብረው የተገዙ ናቸው! መለያ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ ምናልባት በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ። ወንድማማቾች ናቸው። ሁሉም ሰርቨሮች ላይ አሉ።

ግኝት ነው! የራሴ ግኝት!

ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። ሦስት ቅጂ አለን ብለን ተኝተናል። ሦስቱም ቅጂ ሦስት የታመሙ ወንድማማቾች ላይ ቢሆንስ?


ማክሰኞ

ለአለቃዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስክሪኑን ብዙ አዩት።

"ጥሩ ነው። ያምራል። ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትዪው?"

"ወንድማማቾቹን ሳይሞቱ እንቀይራቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ ጋሼ?"

"የኔ ልጅ፣ ራሱ ጤነኛ ነኝ የሚል ዕቃ አውጥቼ ብጥል ነገ የሚጠይቀኝ ሰው ምን እለዋለሁ? ዋስትና የሰጡንን ሰዎች አነጋግሪ።"

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ሰውየው በጣም ትሑት ነው፣ በትሕትናው ሊገድለኝ ነበር። "እህቴ፣ ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነኝ እያለሽ እኔ ታመሃል ልበለው?"

ስዘጋ ምን መመለስ እንደነበረብኝ መጣልኝ። ሁልጊዜ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚመጣልኝ። አፌ ሲፈለግ የማይገኝ ነገር ነው።

ናፍጣ ጋ ሄጄ የክፍላችንን ማቀዝቀዣ፣ የኤሲውን መስመር እንዲያይልኝ ነገርኩት። የሚቸኩል ነገር አልነበረም፤ በስልክም መናገር እችል ነበር። ግን በስልክ ሲሆን ሰው ይዘነጋል።


አርብ

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኜ ከሒሳብ ክፍል የመጡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ያቺ የምድር ቤቷ ልጅ ዲስክ ልታገባ ነው መሰለኝ።"

"ምን አለባት፣ ጠጥቶ አይመጣ!"

እስኪወጡ አፌን ይዤ ሳቅኩ። ቤት ስደርስ ግን ትንሽ አመመኝ። እውነት ሰው ፊት ሌላ ወሬ የለኝም?


ሰኞ

የልጆች የልብ ሐኪሟ ራሳቸው ምድር ቤት ድረስ ወረዱ! ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ ተቆጥተው።

"ማን ነው እዚህ ኃላፊ? ልጁን አስተኝቼ የዓምናውን የልቡን ምስል እንዲከፍት ብጠይቅ ማሽኑ ይተኛል። ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱ ታለቅሳለች፣ እኔም ላለቅስ ምን ቀረኝ።"

የትኛው ምስል እንደሆነ ጠየቅኳቸውና ስፈልገው መጀመሪያ የሚነበበው ቅጂ ያለበት ዲስክ አንዱ ወንድም ነው። ለዚያውም የከፋው፤ ሽማግሌው ብዬ የምጠራው። አንዱን ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለዚያ ነው የሚዘገየው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። "ዶክተር፣ ይኸውልዎት! እየታመመ ነው! አይታይዎትም?" አልኳቸው። ሐኪሟ ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"በመታመሙ እንዲህ ደስ ያለሽ ልጄ?"

አፈርኩ። "መታመሙን ስላወቅን ነው" አልኩ።

ሳቅ አሉና እጄን ይዘው አለቃዬ ቢሮ ይዘውኝ ወጡ። እዚያ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፈው፤ "የልጁ ልብ በየዓመቱ ይለወጣል። የዛሬውን ልብ ነገም ላነሣው እችላለሁ። የዓምናውን ልብ ግን ከየት አመጣዋለሁ? እሱ ከጠፋ እየዳነ ይሁን እየባሰበት በምን አውቃለሁ?"

አለቃዬ የመጋዘኑን ቁልፍ ከመሳቢያቸው አወጡ። ከዚያ "በመጋዘን ያሉትን መለዋወጫዎች ተጠቀሚ። አንድ በአንድ። ቀስ ብለሽ" አሉኝ።

አንድ በአንድ። ቀስ ብዬ። እሺ!


ሐሙስ

የመጀመሪያውን ቀየርኩ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ላይ ሆኜ የዲስኩን መብራት አበራለሁ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን በዓይኔ አይቼ ብቻ አወጣለሁ። ከዚያ ቅጂው እስኪተካ እጠብቃለሁ። ሰላም ነው። ቢጫው አራት ማዕዘን አረንጓዴ ሲሆን አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነኝ ብዬ ነው። ለካ ናፍጣ ኤሲውን ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እሱም አጨበጨበ።


ማክሰኞ

ሁለተኛው። ሦስተኛው። ዝናቡ አይጣል ነው፤ መብራት በየቀኑ ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ መሆን አለብኝ። ሽማግሌው በየቀኑ ይብስበታል። ሦስቱም ቅጂ ወንድማማቾች ላይ ቢሆንስ?

ማታ እማዬ፤ "ናፍጣ፣ ናፍጣ ስትይ ሰነበትሽ። መኪና ልትገዢ ነው?"

የሥራ ባልደረባ ነው አልኳት።

"እኔ ምን አልኩ?" አለች። ግን የምትለውን ብላ ጨርሳለች።


ረቡዕ

አሁን መጻፍ አልችልም። የተሳሳተ ዲስክ አወጣሁ። አምላኬ!


ረቡዕ ማታ

አሁን መጻፍ እችላለሁ። ሁሉንም ልጻፈው፤ ራሴን ሳልሸልም፣ ራሴን ሳላቃልልም።

ጠዋት ስገባ አንዱ ወንድም ሞቷል። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ የዚያ ሰርቨር መብራት ግን አምፖሉ ተቃጥሏል። ስክሪኑ "ሰርቨር አራት" አለኝ። አዲሱ ዲስክ እጄ ላይ ነበር። ጓጉቼ ነበር። ዛሬ ሁለት እቀይራለሁ፣ ዛሬ ሽማግሌው ላይ እደርሳለሁ እያልኩ፣ አራት የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሰርቨር ጋ ሄጄ ዲስኩን ሳብኩት። ፕሮግራሙ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው! ወረቀቱ ከአንድ ይጀምራል! የፕሮግራሙ አራት የወረቀቱ አምስት ነው። ይህን አውቃለሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ፤ እኔ ማፍሰሱ ላይ ነበርኩ።

እጄ ላይ የያዝኩት ዲስክ ሞቅ ብሎ ገና ይሽከረከር ነበር። ሬሳ አይሽከረከርም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ቀና ስል ስክሪኑ እሳት ሆኗል። ከሁለት ሰርቨሮች ላይ ዲስክ ጎድሏል፤ አንዱ ሞቶ፣ አንዱን እኔ ነጥቄ። በሁለቱ ላይ የነበሩ ምስሎች አንድ ቅጂ ብቻ ቀራቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ደግሞ የልጆች ልብ ናቸው። ያ አንድ ቅጂ የት ነው? ሽማግሌው ላይ።

ወደ ቦታው መለስኩት። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ገባ። ዲስክ ከቦታው ተነጥቆ ሲመለስ ወዲያው አይሠራም፤ ራሱን እስኪመረምር ጊዜ ይወስዳል። እየጠበቅኩ ሳለሁ መብራት ሄደ።

ሰርቨሮቹ በባትሪ ቀጠሉ። ኤሲው ግን ቆመ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም።

አለቃዬ በደረጃው እየወረዱ "ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?" አሉ። ማንቂያው ነበር የሚጮኸው። ስክሪኑን አዩ።

"ማን ነው ያወጣው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ተሳስቼ ነው። መብራቱን አብርቼ ሳላረጋግጥ አወጣሁት።"

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ያ ይበልጥ አስፈራኝ። "ባትሪው ሳያልቅ በሥርዓቱ እንዝጋው" አሉ።

ትክክል ናቸው። ማንኛውም ልባም ሰው የሚለው ይህን ነው። ግን ሽማግሌው!

"ጋሼ፣ ከዘጋነው ሽማግሌው ላይነሳ ይችላል። እየሮጠ እያለ ነው ከላዩ ላይ ቅጂውን መውሰድ ያለብን።"

"ባትሪው አልቆ ድርግም ቢልስ?"

"ያኔ የባሰ ነው።"

"እንግዲያውስ?"

ናፍጣ ጋ ደወልኩ። ያለከልካል።

"የነዳጁ መስመር ውስጥ አየር ገብቶበታል። እያስወጣሁ ነው።"

"ይነሳል?"

"ይነሳል።"

"መቼ?"

"ስልኩን ስትዘጊልኝና በሁለት እጄ ስሠራ።"

ዘጋሁት። ለአለቃዬ "ይነሳል ብሏል" አልኳቸው።

"ታምኚዋለሽ?"

"አዎ።"

ሳላስበው ነው ያልኩት። አፌ ሲፈለግ አንድ ቀን ተገኘ።

አለቃዬ የካርቶን ሣጥን ላይ ተቀመጡ። የባትሪውን መብራቶች እያዩ "እንጠብቅ" አሉ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ ከባድ ቃል አልሰማሁም። ሰውየው ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ነው። እኔን አምነው ስማቸውን ነው ያስያዙት። ከባትሪው መብራቶች አንዱ ጠፋ። ሌላውም ተከተለው። ክፍሉ ይሞቃል። የሽማግሌው ሙቀት እየጨመረ ነው። ላቤ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማሁት ብል ማንም አያምነኝም።

ከዚያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከጓሮ በኩል እንደ አውሬ ማጓራት ተሰማ። ኤሲው "ፉ" አለ። አለቃዬ እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው "ጎሽ!" ብለው ጮኹ፤ ጎል የገባ ይመስል! ቀና ስል ያ ያወጣሁት ዲስክ ራሱን መርምሮ ጨርሶ ተነስቷል። እየሮጠ ነው። ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ። አንድ ቅጂ የነበራቸው ሁለት ሆኑ። ሁለት የነበራቸው ሦስት። አንድም ምስል አልጠፋም። አንድም!

አለቃዬ መነጽራቸውን ደጋግመው ሲጠርጉ ነበር። "አቧራ ነው" አሉ። ምድር ቤታችን ውስጥ አቧራ የለም። በየቀኑ ነው የሚጸዳው።

ናፍጣ መጣ። እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። "ተረፈ?" አለ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ውሃ አቀበልኩት። እጁ ቆሻሻ ስለሆነ ብርጭቆውን እኔ ነበርኩ የያዝኩለት። አለቃዬ ድንገት ሌላ ሥራ ትዝ ብሏቸው ወጡ።

ጥፋቱ ግን የኔ ነው። በደስታ ታውሬ ነው። ይህን አልረሳውም።


ሐሙስ

ሽማግሌው ሞተ። ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉን ካስረከበ በኋላ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። የመጨረሻ ቃሉን አየሁት። ጤነኛ ነኝ።

እንባ በእንባ ሆንኩ። በዲስክ! የሒሳብ ክፍሎቹ ቢያዩኝ!


ሰኞ

ትሑቱ ሻጭ ራሱ መጣ። አለቃዬ የሽማግሌውን ሬሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ይኸው። ጤነኛ ነኝ እንዳለ ሞቷል" አሉት። እኔ ስክሪኑን እየጠቆምኩ የወንድማማቾቹን ዝርዝር አሳየሁት፤ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እንዴት እንደጨመረ። ሐኪሟም ተጠርተው መጡና ቆመው ያዩት ጀመር። ሰውየው ላቡን ጠረገ።

"እህቴ፣ ሁሉንም እንቀይርልሻለን።"

ሁሉንም! "አመሰግናለሁ" ለማለት ፈልጌ "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። እሱም ግራ ገብቶት "አብሮ ደስ ይበለን" አለ። ሐኪሟ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።


ረቡዕ

አለቃዬ የክፍሉን ሰው ሁሉ ሰብስበው "ስለ ዲስኮቹ አስረጂያቸው" አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው "ስህተትሽንም" አሉ በጆሮዬ።

ነገርኳቸው። ከዜሮ መቁጠሩን፣ መቸኮሌን፣ መብራቱን አለማብራቴን። ማንም አልሳቀብኝም። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና "እኔም አንዴ እንዲህ አድርጌ ማንም ሳያውቅ መልሻለሁ" አለ። ሌላዋም "እኔም" አለች። ለካ ሁላችንም ነን! ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ሁሉ አውልቀን ቁጥሩን አስተካክለን ለጠፍን፤ የተቃጠለውን አምፖልም ቀየርን። ከእንግዲህ ማንም ሰው ብልጭ ድርግም ሲል ሳያይ ዲስክ አይነካም። ሕግ ሆነ።


ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። አዲሶቹ መጡ። አንድ በአንድ። ቀስ ብዬ። መብራት፣ ማየት፣ ማውጣት፣ መጠበቅ። አጋማሹን ጨረስኩ። ናፍጣ በየቀኑ ጄኔሬተሩ ዝግጁ መሆኑን ሊነግረኝ ይመጣል። ዝግጁ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

እማዬ ስሙን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ደስ የሚል ስም ነው" አለች። እዚህ ግን አልጽፈውም። በጣም የግል ነገር ሆነብኝ፤ ደብተሩ የራሴ ሆኖ ሳለ።


አርብ

የመጨረሻውን ወንድም አወጣሁ።

ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አንድም ቢጫ የለም። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እንግዲህ ከመብራቱ በፊት ምን እንዳለ አሳየሽኝ" አሉ። ቀጥለው የሌሎች ሆስፒታሎችንም ዲስኮች እንድከታተል ሊጠይቁልኝ እንደሆነ ነገሩኝ። መጮህ ነበረብኝ። ፈነደቅኩም። ግን ጥቂት ቆይቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን ሳየው ቅብጥብጥ አደረገኝ። ኤሲው ደህና ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። ዝናቡም አባርቷል። ጄኔሬተሩ ጋ የሚያስሄድ አንድም ምክንያት የለኝም።

ሁሉንም ዲስኮች እንደገና ጠየቅኳቸው። ምናልባት አንዱ እንኳ ትንሽ ቢሞቅ ብዬ። ማፈሪያ ነኝ።

ዝም ብዬ ተነስቼ ሄድኩ።

ናፍጣ ሞተሩን ሊሞክር ሲል አየኝና ፊቱ ተለወጠ። መፍቻውን ጥሎ ተነሳ።

"ምን ተበላሸ?"

"ምንም አልተበላሸም።"

"ኤሲው ነው?"

"ኤሲውም ደህና ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምንም። ዝም ብዬ ነው የመጣሁት።"

እጁ ግን ገና የሞተሩ ማስነሻ ላይ ነበር። እጁን አነሳ። ያለችውን አንድ ወንበር በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ አቀረበልኝ፤ እሱ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። መጮህ አላስፈለገንም። ቀስ ብለን አወራን፤ ስለ ዲስክም አይደለም።